በሞቴ ማለት የተማረችው እንግዳ

ብርድ አምባ ሰፈር የኩላሊት እጥበት ጣቢያውን እንደማይፈልግ የተሰማው ሰኞ ጠዋት ነው። በየሕንፃው መግቢያ ያለው ሰሌዳ እንደ ወትሮው በማለዳ በራ፤ መጀመሪያ የአየሩን ሁኔታ፣ ቀጥሎ የሰፈሩን ሐሳብ አወጣ። «ጣቢያው ለእርስዎ ያስፈልግዎታል?» ተብለው ከተጠየቁት ቤቶች ከመቶ ዘጠና አንዱ አያስፈልገንም ብለዋል። ስለዚህ ጣቢያው ክረምት ሳይገባ ይነሣና ወደ ቆላው ከተማ ይዛወራል። ከሥሩ እንደ ሁልጊዜው «ስለ ሐሳብዎ እናመሰግናለን» የሚል ተጽፏል።

ወይዘሮ ሶልያና ዳቦዋን እንደታቀፈች ሰሌዳው ፊት ቀረች። ደግማ አነበበችው። የባሏ የባሮክ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ነፍሱን ያቆየለት ምድር ቤት ያለው ያ ጣቢያ ነው። በየሁለት ቀኑ በሊፍት ይወርድና ደሙን አሳጥቦ፣ ምሳ ሳይደርስ ቤቱ ይመለሳል። የቆላው መንገድ ግን ጤነኛውን ሰው እንኳ አንጀቱን ያወጣዋል። በአጎራባች ሰፈር ጣቢያው የተነሣባቸው አንድ ሽማግሌ በዚያ መንገድ ጥቂት ጊዜ ተመላለሱና ሞቱ። ሶልያና ለቅሶ ደርሳ ስለነበር ታውቃለች። ጣቢያው ተነሣ ማለት ባሮክ ሞተ ማለት ነው፤ የገባት እንዲህ ነው፣ አልተሳሳተችምም።

በዚያ ዘመን ምርጫ የሚባለውን ነገር የሚያስታውሱት አረጋውያን ብቻ ነበሩ። ሰው ተሰልፎ ወረቀት ሳጥን ውስጥ መክተት የተወው ማንም ከልክሎት አይደለም። ምን ያደርግለታል? በየማታው በገዛ ቤቱ ይጠየቃል፣ መልሱ ሰኞ ሰኞ ይነገራል፣ የተነገረው ይፈጸማል። መንገድ ይሠራ፣ ትምህርት ቤት ይዘጋ፣ ውሃ በሌሊት ይምጣ ወይስ በቀን፣ ሁሉም ይጠየቃል። ጠያቂው መሥሪያ ቤት የሐሳብ ማዕከል ይባላል። ጠያቂዋን ግን ሰው ሁሉ የሚጠራት «እንግዳዋ» እያለ ነው።

እንግዳዋ መልክ የላትም። እራት ሲቀርብ ከግድግዳው ውስጥ «ቤቶች!» ትላለች፣ ልክ በር ላይ እንደቆመ ሰው። ድምፅዋ የጨዋ ልጅ ድምፅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ትንሽ የማፈር ነገርም ያለበት። ባሮክ ሰው አክባሪ ስለሆነ ሕመሙ ቢጫነውም ከወንበሩ ከፍ ይልና «ኖር!» ይላታል። «በእግዚአብሔር፣ አይነሡ» ትለዋለች። ከዚያ ጤናቸውን ትጠይቅና የዕለቱን ጥያቄ ታቀርባለች። ከአንድ ቤት የሚወሰደው አንድ መልስ ነው፤ ሁለት ሰው ከተናገረ የመጨረሻው ይያዛል። መልሱን እንደተቀበለች ደህና እደሩ ብላ ትሄዳለች። የት እንደምትሄድ ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

የጣቢያው ጥያቄ በቀረበበት ማታ ሶልያና ሥራ ላይ ነበረች። የሠርግ አዳራሽ ውስጥ የአሳላፊዎች አለቃ ናት፤ ማታ ማታ ቤቷ የምትገኘው ድግስ ከሌለ ብቻ ነው። ስትመለስ ባሮክ ተጠይቆ እንደመለሰ ነገራት፣ እሷም ምን ብለህ መለስክ አላለችውም። ደሙ በዚያ ጣቢያ የሚታጠብ ሰው ያስፈልገኛል ከማለት ሌላ ምን ሊል ይችላል ብላ ነው።

የዚያን ቀን ደረጃው ላይ ያገኛት ሁሉ አይዞሽ አላት። ሐዘናቸው ከልብ ይመስላል፤ እሷን ያስፈራትም ይኸው ነው። ከዐሥሩ ሰው ዘጠኙ ባሏ ይሙት ብሏል፤ እነዚያው ዘጠኙ ናቸው አሁን ትከሻዋን የሚነኩት። አስመሳዩ የትኛው ነው? ፊታቸውን አንድ በአንድ ታየው ጀመር።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ፊት ለፊቷ የሚኖረውን ማክቤልን ነው። ማክቤል ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ምድር ቤት ቦታ ባገኝ ሲል ሰምታዋለች። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ባሮክን አዝሎ የሚያወርደውም እሱ ነው። ዛሬ ግን ማዘሉንም ጠረጠረችው፤ ጀርባው ደክሞት፣ ከዚህስ ቢገላግሉኝ ብሎ ይሆናል። ቀጥላ የጠረጠረችው ከበላዩ ፎቅ ያለችውን አርሴማን ነው። የአርሴማ አማች ማዕከሉ ውስጥ ይሠራል ይባላል። ሁለቱም የልብ ወዳጆቿ ናቸው፤ ወዳጅ መጠርጠር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ሥራ ነው። 

በማግሥቱ ማታ አርሴማ ቤት ወጣች፣ በሰበብ። የሽሮ ማማሰያ ልመልስልሽ ብዬ ነው አለች። ሐሳቧ ግን እንግዳዋ ስትመጣ ተገኝታ፣ አርሴማ ሰው የማይሰማት ሲመስላት እንዴት እንደምትመልስ ጆሮዋን ጣል ማድረግ ነበር። ስለዚህ አርሴማ ተቀመጪ ስትላት ወጡን ልይልሽ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ ከመጋረጃው ጀርባም ቆመች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም፤ አፈረች፣ ግን አልወጣችም።

የደጋ ብርድ ነው፣ የቤቱ ማሞቂያ ከጠፋ ቆይቷል። አርሴማ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ነው የተቀመጠችው።

«ቤቶች!» አለች እንግዳዋ። ሰላምታው ተሰጠ፣ ጤናም ተጠየቀ። ከዚያ የዕለቱ ጥያቄ መጣ፤ ማዕከሉ ማሞቂያው ማታ ማታ ትንሽ በርቶ እንዲቆይ አስቧል፣ ለእርስዎ ያስፈልግዎታል ወይ የሚል ነው።

«ኧረ እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አትቸገሩ» አለች አርሴማ።

«አመሰግናለሁ። ደህና እደሩ።»

ሶልያና ከመጋረጃው ጀርባ እየወጣች እንደሆነ እንኳ አላወቀችም። አርሴማ ደነገጠች፣ ከጓዳ በመውጣቷ ሳይሆን በፊቷ።

«በብርድ ደርቀሽ ምን ማለትሽ ነው?»

«ታዲያ ገና ከመጠየቋ አምጪ ልበላት?» አለች አርሴማ፣ በእውነት ግራ ገብቷት። «ደግማ ብትለኝ እሺ ባልኳት። አልደገመችም እንጂ።»

ሶልያና ተቀመጠች። የዕለት እንጀራዋ ይህ ነው፤ ትሪ ይዛ ሦስት መቶ ሰው መሀል ስትዞር የመጀመሪያውን «በቃኝ» ሰምታ የምታልፍ ቢሆን ኖሮ ድግሱ ሁሉ ጾሙን ይወጣ ነበር። በቃኝ ያለው ሰው ጠግቦ አይደለም፤ የሰው ቤት ገብቶ አምጡ ማለት ነውር ስለሆነ ነው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ስለ ጣቢያው ምን እንዳለች አርሴማን ጠየቀቻት። አርሴማም እኔማ ጤነኛ ነኝ፣ ለተቸገሩት ይሁን እንጂ ለእኔ አያስፈልገኝም ብያለሁ አለች፤ ለባሮክ የተናገረችለት መስሏት። ማክቤልም ሲጠየቅ ያንኑ አለ፤ የጠየቀችኝ ስለ ራሴ ነው አለ፣ እኔ ደግሞ ምን ኩላሊት አለብኝ።

ሶልያና ወደ ቤቷ ስትወርድ ጥርጣሬዋ ከጎረቤቶቿ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ግን አልጠፋም፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። ባሮክ ራዲዮውን እያደመጠ ነበር። ፊቱ ቆመች።

«ባሮኬ፣ አንተ ለእንግዳዋ ምን አልካት?»

ባሮክ ራዲዮውን ዝቅ አደረገ። ሶልያና ያኔውኑ ገባት።

«ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ አልኳት» አለ። «ምን ልበል? እንደዚያ በትሕትና ስትጠይቀኝ።»

ሶልያና ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏን ልትመታው ፈለገች። ከዚያ አንጀቷን በላት፣ ተቀምጣ አለቀሰች። እሱም እጇን ይዞ፣ ደግማ የምትጠይቀኝ መስሎኝ እኮ ነው አላት።

በሳምንቱ ወደ ሐሳብ ማዕከል ሄደች። ጠብ ፍለጋ ነበር የሄደችው፤ የተቀበላት ግን ለጠብ የማይመች ሰው ነው። ሽብሩ ይባላል፣ የብርድ አምባ ኃላፊ ነው፣ ገና ወጣት ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ የድሮ ስም የያዙት ወጣቶቹ ነበሩ፤ ሶልያናና ባሮክ የሚባሉት አሮጊትና ሽማግሌ ሆነዋል። ከወንበሩ ተነሥቶ ወንበር ሳበላት፣ ሻይ አቀረበላት።

«በቃኝ፣ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» አለች ከልማድ።

«ኧረ እትዬ ሶልያና፣ ትንሽ ይቅመሱ።»

«ይባርክህ፣ ደህና ነኝ።»

«በሞቴ! ብርድ ላይ ነው የመጡት። ካልጠጡልኝ ተቀይሜዎታለሁ።»

ጠጣች። ሻዩ ከጉሮሮዋ ሲወርድ ነው ልቧ ድንግጥ ያለው። ይህ ልጅ ያውቃል። እሱ ቢሮው ውስጥ ሦስት ጊዜ ይለምናል፣ ወደ ቤቷ የሚልካት እንግዳ ግን አንዴ ጠይቃ ትወጣለች። ይህን ሳትደብቅ ነገረችው። ሽብሩ አልተቆጣም፣ አልካደምም። ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚወሰነው ላይኛው ቢሮ ነው አላት፤ በሌሎች ሰፈሮች ደግማ የምትጠይቅ እንግዳ አለች፣ እንደ ጥያቄው ዓይነት ይለያያል። እንደ ጥያቄው ዓይነት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቀው ስኳር ጨመረላት።

ከዚያ ነገሩን ወደ እሷ አዞረው። አሳላፊ መሆንዎን ሰምቻለሁ አለ፣ በከተማው ሰው የእርስዎን ትሪ እምቢ ብሎ አያውቅም ይባላል። እውነት ነው፤ ሶልያና ሙያዋ ሲነሣ ደስ ይላታል። እንዴት እንደምታደርግ ጠየቃት። እንግዳዋን እንድናስተካክላት ይንገሩኝ አለ፣ ጣቢያው ደግሞ እንዲጠየቅ አደርጋለሁ። ስለ ጣቢያው ሲል የማትነግረው ነገር አልነበራትም።

«መጀመሪያ ታቀርብለታለህ» አለችው። «እምቢ ይልሃል፣ አትስማው። ከዚያ በሞቴ ትለዋለህ። አሁንም እምቢ ካለ ታኮርፈዋለህ፤ ንቀኸኝ ነው ትልና ፊትህን ታጠቁራለህ። በዚህም ካልሆነ አጠገቡ ላለው ሰው ትነግረዋለህ። አጠገቡ ያለው አታስለምነው እንጂ ይለዋል። እዚህ ደርሶ እምቢ ያለ ሰው አላየሁም።»

«የጠገበ ሰው ቢሆንስ?»

«የጠገበም ይበላል።»

«ምግቡን የማይወደው ቢሆንስ?»

«እሱንም ይበላል» አለች ሶልያና እየሳቀች። «ውጭ ወጥቶ ያስመልሰው እንደሆን እንጂ እፊትህ እምቢ አይልህም።»

ሽብሩም ሳቀ። እስከ ሊፍቱ ሸኛት። ሶልያና መንገድ ላይ ሳቋ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ስለ ጠገበ ሰው ለምን ጠየቀኝ? ጣቢያውን የሚፈልግ ሰው እኮ የራበው ነው። ሆኖም ባሮክን አሰበችና ጥርጣሬዋን ዋጠችው።

ሽብሩ ቃሉን አላጠፈም። በዚያው ሰሞን ማታ እንግዳዋ መጣች፣ ባሮክም ኖር አላት። ስለ ጣቢያው ጠየቀችው። ልማድ ክፉ ነው፣ ሶልያና እያየችው ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ አለ። እንግዳዋ አልሄደችም።

«ኧረ ጋሽ ባሮክ፣ በሞቴ! የሚያስፈልግዎትን ይንገሩኝ።»

ባሮክ ደንግጦ ወደ ሶልያና አየ። ከላይ ፎቅና ከማዶ የሳቅ ድምፅ ይሰማል፤ በየቤቱ እንዲያ እየተባለ ነው። ተይ ልጄ አላት። ልትቀየም ስትቃረብ ግን ባሮክ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወለሉን እያየ፣ «እንግዲህ ካልሽ… ያስፈልገኛል» አለ። ይህን ቃል ስለ ራሱ ሲናገር ሶልያና በትዳር ዘመናቸው ሰምታው አታውቅም። ግንባሩን ሳመችው።

ሰኞ ዕለት ሰሌዳው ላይ ብርድ አምባ ጣቢያውን እንደሚፈልግ ተነበበ፤ ከመቶ ዘጠና አራት። ሰፈሩ ተደሰተ። ሶልያና ለሕንፃው ሰው ሁሉ ዳቦ ቆርሳ ዞረች፤ ማንንም በመጀመሪያው በቃኝ አላለፈችም። ማክቤል ባሮክን ያለ ምክንያት አዝሎት ደረጃውን ወጣ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ማስጨነቅ የጀመረው፤ ሲጀምር ግን ትንሽ ነበር። እንግዳዋ የእሑድ ገበያው እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበች። የማይፈልጉ ነበሩ፣ እንዲያውም አብዛኛው አይፈልግም። በሞቴ አለች፣ ተዘጋ። ውሃው በሌሊት ብቻ ቢመጣስ አለች፣ አኮረፈች፣ እሺ ተባለች። መኝታ ቤት ውስጥም ብትገኝ እንደሚሻል፣ በር ላይ መጮኹ እንደሚከብዳት ተናገረች። ባሮክ የሰው ልጅ በር ላይ አይቆምም ብሎ ፈቀደላት። ሰሌዳው በየሰኞው ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ሰባት ይል ጀመር። የሰፈሩ ሰው በአንድ ልብ ሆኖ አያውቅም፤ አሁን ሆነ።

ሶልያና እያንዳንዱን ቃል ታውቀው ነበር። ፊት ማጥቆሩም፣ ንቀውኝ ነውም፣ የራሷ ናቸው፤ ከትሪዋ ላይ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አላስተኛትም። ሞት የሌላት ነገር በሞቴ ትላለች። ሰው በሞቴ ሲል የሚያስይዘው ነፍሱን ነው፣ ለዚህ ነው እምቢ የማይባለው። ይህቺ ምን አስይዛ ነው?

ቤት ለቤት እየዞረች እምቢ በሏት አለች። ሰው ሰማት፣ አጨበጨበ ማለት ይቻላል፣ ማታ ሲሆን ግን እሺ አለ። አርሴማ ደግ ልጅ ናት፣ ምን አደረገችን አለቻት። ማክቤል ደግሞ እምቢ ልል አፌን ስከፍት ድምፅዋ ሲሰበር አላስቻለኝም፣ እኔም እኮ ልጅ አለኝ አላት። ወደ ሽብሩ ሄደች። ሽብሩ ወደ ላይኛው ቢሮ ተዛውሯል ተባለች፤ ለጥሩ ሥራ ተሸልሞ። በቦታው የተቀመጠችው ሴት ሻይ አቀረበችላት። ሶልያና ሳትነካው ወጣች።

የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ሁለቱም እራት ላይ ሳሉ ነው። ሶልያና የዚያን ዕለት ሥራ ቀርታ ነበር፣ ሆን ብላ።

«ቤቶች!»

«ኖር!» አለ ባሮክ።

«በእግዚአብሔር፣ አይነሡ።» እንግዳዋ ጤናቸውን ጠየቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በየማታው እየመጣሁ እራታችሁን እበጠብጣለሁ። አሁን እኮ መልሳችሁን አውቀዋለሁ፤ ጋሽ ባሮክ ምን እንደሚሉ እሳቸው ሳይሉት አውቀዋለሁ። ከእንግዲህ አትድከሙ፣ እኔ ልመልስላችሁ።»

«አንፈልግም» አለች ሶልያና።

«እትዬ ሶልያና፣ በሞቴ።»

«ሞት የለሽም። አንፈልግም።»

ዝምታ ሆነ። ሶልያና ዝምታው ምን ያህል እንደሚቆይ ታውቃለች፤ ትሪ ይዛ ቆማ እሷው ስትለካው ኖራለች።

«ንቀውኝ ነው?» አለች እንግዳዋ፣ ለልቅሶ በቀረበ ድምፅ። «ስለ ጣቢያው የለመንኩልዎት እኔ ነበርኩ።»

 ውለታ መቁጠርን ሶልያና አላስተማረቻትም ነበር፤ እንግዳዋ ራሷ ጨምራበታለች። ቢሆንም ሶልያና ጥርሷን ነከሰች። «እምቢ» አለች። እንዲህ ያለ ራቁቱን የቀረ እምቢ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም፣ ሁሉም ነገር ቀጥ ያለ መሰላት። አሸነፍኩ አለች በሆዷ።

«ጋሽ ባሮክ» አለች እንግዳዋ፣ «እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ሶልያና ዞረች። ባሮክ አንገቱን ደፍቷል፣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሯል። ስለ እሱ ስንት ጊዜ የለመነች ልጅ፣ እቤቱ መጥታ ፊት ስትነሣ ማየት ከአቅሙ በላይ ነው። ሶልያና አፉን ለመያዝ እጇን ዘረጋች፣ ጠረጴዛው መሀላቸው ነበር።

«ኧረ አታስለምኛት እንጂ» አለ። «እሺ፣ ይሁን ልጄ።»

«ኑሩልኝ» አለች እንግዳዋ። «ደህና እደሩ።»

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው እራት ሲቀርብ ወደ ግድግዳው ያይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተወው። ልጆች አፋቸውን ሞልተው ማኘክ ጀመሩ። ሰሌዳው ግን ሰኞ ሰኞ መብራቱን አላቆመም። ሰፈሩ በመንገዱ እንደረካ፣ በብርዱ እንዳልተማረረ፣ ስለ ነገ እንደማይሠጋ ያወጣ ነበር። ማክቤል እያነበበ፣ እኔን እንኳ የጠየቀኝ የለም፣ ግን ልክ ነው፣ ብጠየቅም እንዲሁ ነበር የምለው ይላል። ሶልያና እውነቱን ነው ወይ ብላ ፊቱን ታየዋለች። መለየት አልቻለችም። የራሷንም መለየት እያቃታት ሄደ፤ አንዳንድ ሰኞ ሰሌዳውን ስታነብ፣ እንዲህ ነበር እንዴ የማስበው ትላለች።

የሐምሌ ዝናብ ሲጀምር አንድ ሰኞ ዳቦዋን ይዛ ገባች። የአየሩ ሁኔታ ወጣ፣ ቀጥሎ የሰፈሩ ሐሳብ። ብርድ አምባ ሰፈር የኩላሊት እጥበት ጣቢያውን አይፈልግም። ጣቢያው በዚህ ሳምንት ወደ ቆላው ከተማ ይሄዳል። ከመቶ መቶ።

ሶልያና ቁጥሩን ብዙ ጊዜ አየችው። ከመቶ መቶ ማለት የእሷም ቤት አለበት። ምድር ቤት ሰዎች ማሽኖቹን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር፤ ትሕትናቸው አይነገርም፣ ይቅርታ እናታችን፣ መንገድ ዘጋንብዎ አሏት። ማን አዘዛችሁ ብትላቸው እናንተው ናችሁ እንጂ አሉ።

ደረጃውን ወጣች፣ ሊፍቱን አልጠበቀችም። ባሮክ ወንበሩ ላይ ነው፤ ነገ የእጥበት ቀኑ ስለሆነ ፊቱ አብጧል፣ ሱሪውን ራሱ ተኩሶ አልጋው ላይ ዘርግቶታል። ምንም አልነገረችውም። ዳቦውን አስቀምጣ እንግዳዋ ትናገርበት ወደነበረው ግድግዳ ሄደች። በእጇ መታችው። ያስፈልገናል አለች። ደግማ ያስፈልገናል አለች፣ ሳትጠየቅ፣ እንዲያ ባለጌ ሆና። ግድግዳው ዝም አለ። በሞቴ አለችው። በባሌ ሞት አለችው። ሌላ የሚባል ነገር ሲያልቅባት፣ ግንባሯን አስደግፋ እንደ ደጅ ጠኚ ተጣራች።

«ቤቶች!»

ባሮክ ከኋላዋ እንግዳ የመጣ መስሎት፣ የወንበሩን እጀታ ተመርኩዞ በጭንቅ ከፍ አለ።

«ኖር!» አለ።

የመለሰለት አልነበረም፤ እሱ ግን አይነሡ እስኪባል ድረስ እንደተነሣ ቆየ።